በተነጠረ ቅቤ ላይ ሌላ ኮረሪማ፦ ከባድ ሞተር ብስክሌት የዘይት ጭማሪ ያስፈልገዋል?

በመለዋወጫ ሱቅ መደርደሪያ ላይ፣ ከትልልቆቹ የሞተር ዘይት ጀሪካኖች ጎን አንዲት ትንሽ ጠርሙስ አትጠፋም። የምትይዘው ከ300 እስከ 400 ሚሊ ሊትር ቢሆን ነው፤ የተጻፈባት ተስፋ ግን ከጀሪካኑ ይበልጣል። ሰበቃን ትቀንሳለች፣ የሞተርን ዕድሜ ታራዝማለች፣ ነዳጅ ትቆጥባለች፣ የሚያንኳኳውን ሞተር ዝም ታሰኛለች። ስሟ የዘይት ጭማሪ ነው፤ አንዳንዱ ማጠናከሪያ፣ አንዳንዱም የሞተር መድኃኒት ይላታል።

የመኪና ባለቤት ይህችን ጠርሙስ ገዝቶ ሞተሩ ውስጥ ቢያፈስ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚከስረው የከፈለውን ገንዘብ ነው። የ1000 ሲሲ ሞተር ብስክሌት ባለቤት ግን ከገንዘቡ ጋር ፍሪሲዮኑንም፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት ከማርሾቹ ጋር የሚያገናኘውንና የሚያላቅቀውን ክፍል፣ ሊከስር ይችላል። ጠርሙሷ ያችው፣ ፈሳሹም ያው ሆኖ ሳለ ውጤቱ ለምን ይለያያል? መልሱን ለማግኘት ጠርሙሷን ለጊዜው መደርደሪያዋ ላይ ትተን ሞተሩን መክፈት ይኖርብናል።

የሞተር ዘይት ራሱ ከምን ይሠራል?

ብዙ ሰው የሞተር ዘይትን ከመሬት ወጥቶ፣ ተጣርቶ፣ ጀሪካን ውስጥ የገባ አንድ ወጥ ፈሳሽ አድርጎ ያስበዋል። ነገሩ ግን ከነዳጅ ጉድጓድ ይልቅ ለማጀት ይቀርባል። ጥሬ ቅቤ እንዳለ ወጥ ውስጥ አይገባም፤ ባለሙያዋ ኮረሪማውን፣ አብሹን፣ ኮሰረቱን መጥና ታነጥረዋለች። የሞተር ዘይትም የተነጠረ ነው። መሠረቱ ከድፍድፍ ነዳጅ የተጣራ ወይም በፋብሪካ የተቀናበረ ጥሬ ዘይት ሲሆን፣ ከመቶው ከ10 እስከ 25 እጅ ገደማ የሚሆነው ፋብሪካው መጥኖ የጨመረው ቅመም ነው። ጠርሙሷን ያነሳ ሰው እንግዲህ በተነጠረ ቅቤ ላይ ሌላ እፍኝ ኮረሪማ ሊጨምር ነው።

እያንዳንዱ ቅመም የተሰጠው ሥራ አለው። አጣቢዎቹ፣ በአብዛኛው የካልሲየምና የማግኒዚየም ውህዶች፣ ከቃጠሎ የሚመጣውን አሲድ ያመክናሉ፤ ዝቃጭም ብረት ላይ እንዳይጋገር ይከላከላሉ። በታኞቹ ደግሞ የጥላሸት ቅንጣቶች ተሰብስበው እንዳይረጉ ዘይቱ ውስጥ አንሳፍፈው ይይዟቸዋል። ዘይት የሚጠቁረው በዚህ ምክንያት ነውና መጥቆሩ ብቻ አረጀ አያሰኘውም፤ ቆሻሻውን መሸከሙን ያሳያል። አረፋ የሚያከስሙ አሉ፤ ዘይቱ በሙቀት እንዳይበላሽ የሚጠብቁም አሉ። ረጃጅም ሰንሰለት የሚመስሉት ፖሊመሮች ዘይቱ ሲሞቅ ከልክ በላይ እንዳይቀጥን ይይዙታል። ጀሪካኑ ላይ 10ደብልዩ-40 ተብሎ ሲጻፍ፣ ዘይቱ በብርድ ጊዜ እንደ ቀጭን፣ ሲሞቅ እንደ 40 ቁጥር ዘይት ይሠራል ማለት ነው። ይህን ሁለት ጠባይ ያስገኙት እነዚያው ሰንሰለቶች ናቸው።

ከሁሉም ስሙ የገነነው ግን የዚንክና የፎስፈረስ ውህድ ነው። ከ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሞተር ዘይት ውስጥ ያገለግላል። በሁለት ብረቶች መካከል ያለው የዘይት ሽፋን ሲሳሳ፣ ለምሳሌ ሞተሩ ገና ሲነሳ፣ የሰበቃው ሙቀትና ግፊት ይህን ውህድ ይቀሰቅሱትና ብረቱ ላይ መስታወት መሰል ስስ ሽፋን ያበጃል። ከዚያ በኋላ የሚፋቀው ሽፋኑ ነው፤ ብረቱ ይተርፋል፤ የተፋቀውም ቦታ እንደገና ይሸፈናል።

አስቸጋሪው ነገር ቅመሞቹ የሚሻሙት ቦታ መኖሩ ነው። የዚንኩ ውህድም፣ ሰበቃ ቀናሹም፣ አጣቢውም መቀመጥ የሚፈልጉት ብረቱ ገጽ ላይ ነው፤ ገጹ ደግሞ ሁሉንም አይበቃም። አንዱ ከመጠን በላይ ሲበዛ ሌላውን ከመቀመጫው ያስነሳዋል። የዘይት ፋብሪካ ምጥኑን ከማጽደቁ በፊት የሙከራ ሞተሮችን ለብዙ ሰዓታት እያስኬደ፣ በኋላም ፈታትቶ እየለካ ይፈትሸዋል። ጠርሙስ የተደፋበት ዘይት ግን ማንም ያልፈተሸው አዲስ ምጥን ነው፤ ሙከራው የሚካሄደውም በባለቤቱ ሞተር ላይ ነው።

ሞተር ብስክሌት ከመኪና በምን ይለያል?

በማርሽ በሚነዳ መኪና ውስጥ ሦስት ጎረቤታሞች አሉ። ሞተሩ የራሱ ዘይት አለው። ካምቢዮውም፣ የማርሾቹ ቤት ማለት ነው፣ የራሱ ወፈር ያለ ዘይት አለው። ፍሪሲዮኑ በሁለቱ መካከል ደረቅ ሆኖ ይቀመጣል፤ ዘይት ከነካው ተበላሸ ማለት ነው።

በአብዛኞቹ የሆንዳ፣ የያማሃ፣ የሱዙኪና የካዋሳኪ ከባድ ሞተር ብስክሌቶች ሦስቱም በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖራሉ፤ የሚጠጡትም ከአንድ ጋን ነው። ቦታና ክብደት ለመቆጠብ ተብሎ ሞተሩ፣ ካምቢዮውና ፍሪሲዮኑ አንድ የብረት ቤት ውስጥ ገብተዋል። በውስጡ የሚዞረው ዘይት 3 ወይም 4 ሊትር ገደማ ነው። ያው ዘይት ፒስተኑን ያቀዘቅዛል፣ በኩሽኔታዎቹ ውስጥ የሚሽከረከረውን ዘንግ አንሳፍፎ ይይዛል፣ የማርሽ ጥርሶችን ያለሰልሳል፣ ከዚያም ሄዶ ፍሪሲዮኑን ያጥባል።

ኑሮውም ቀላል አይደለም። የተለመደ የቤት መኪና ሞተር በደቂቃ ከ6000 ወይም ከ7000 ዙር አያልፍም፤ ለእሽቅድምድም የተቃኘ የ1000 ሲሲ ሞተር ብስክሌት ከ13000 ዙር በላይ ይሄዳል፣ ወደ 200 የፈረስ ጉልበትም ያወጣል። በዚህ ላይ የማርሽ ጥርሶች አሉ። ጥርስ ከጥርስ ጋር በተገጣጠመ ቁጥር እነዚያን ረጃጅም የፖሊመር ሰንሰለቶች እንደ መቀስ ይቆራርጣቸዋል። በ40 ቁጥር ጉዞ የጀመረ ዘይት ከጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ ወደ 30 ቁጥር ሊወርድ የሚችለው በዚህ ነው። ስለ ዘይት መጨነቅ የሚፈልግ ባለ ሞተር ብስክሌት ጭንቀቱን በጊዜው በመለወጥ ላይ ቢያደርገው ይሻላል።

ዘይት ውስጥ የተዘፈቀ ፍሪሲዮን እንዴት ጨምድዶ ይይዛል?

የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ጊዜ እንስጠው።

የሞተር ብስክሌት ፍሪሲዮን በመሶብ ውስጥ እንደተደራረበ እንጀራ ነው። አንዱ ዲስክ ለስላሳ ብረት፣ ቀጣዩ ገጹ ላይ የሚይዝ ሻካራ ቁስ የተለጠፈበት፣ እንደገና ብረት፣ እንደገና ሻካራ፣ እንዲህ እየተፈራረቁ ይደረደራሉ። ሻካራዎቹ ከሞተሩ ጋር ይዞራሉ፤ ብረቶቹ ከካምቢዮው ጋር። ጠንካራ ሞላዎች ድርድሩን አንድ ላይ ጨምቀው ይይዙታል፤ በዚህ ጊዜ ሁሉም አብረው ይዞራሉ፣ የሞተሩም ጉልበት ወደ ኋላ ጎማ ይደርሳል። ነጂው በግራ እጁ የፍሪሲዮኑን እጀታ ሲጨብጥ የሞላዎቹ ጫና ከዲስኮቹ ላይ ይነሳል፣ ዲስኮቹም ይለያያሉ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ዘይት ውስጥ ነው፤ ዘይቱ ዲስኮቹ ሲያያዙ የሚፈጠረውን ሙቀት ይወስዳል።

ዲስኮቹ ሲጠጋጉ በመካከላቸው ያለው ዘይት ተጨምቆ፣ ሻካራዎቹ ላይ በተቀረጹት ቦዮች በኩል ይወጣል። የሚቀረው እጅግ ስስ የሆነ ሽፋን ነው። በዚያች ቅጽበት ዲስኩ መያዝ አለመያዙን በአብዛኛው የሚወስነው ብረቱ ላይ የተለጠፈው የቅመም ዓይነት ነው። የቀረው ቅመም መጠነኛ ሰበቃ የሚፈቅድ ከሆነ ዲስኮቹ ይቆላለፋሉ። እጅግ ሸርታታ ከሆነ ግን ቅቤ በተቀባ እጅ ገመድ እንደመሳብ ይሆናል፦ የቱንም ያህል ቢጨብጡ ይሾልካል።

እንግዲህ ለአንዱ ዘይት ሁለት ተቃራኒ ትእዛዝ ተሰጥቶታል። ኩሽኔታው ጋ ሲደርስ አንሸራት፣ ጥቂት ስንዝር አልፎ ፍሪሲዮኑ ጋ ሲደርስ እንዳታንሸራት። የሞተር ብስክሌት ዘይት አምራቾች ጥበብ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ሚዛን መጠበቅ ነው። ሰበቃን እቀንሳለሁ የምትለው ጠርሙስ ግን ኩሽኔታና ፍሪሲዮን አትለይም። የገባችውን ቃል ከጠበቀች፣ የምትጠብቀው በሁለቱም ቦታ ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ይህ ነው፤ እዚህ ላይ ጎጂው ጭማሪ ማስታወቂያው እውነት የሆነለት ጭማሪ ነው።

ፍሪሲዮን መንሸራተት ሲጀምር ምልክቱ ግልጽ ነው። በከፍተኛ ማርሽ እየሄዱ ነዳጅ ሲሰጡ የሞተሩ ጩኸት ሽቅብ ይወጣል፤ ፍጥነቱ ግን አይከተለውም። የተንሸራተተ ዲስክ ይግላል፤ ደጋግሞ የጋለ ዲስክ ሻካራ ገጹ ተቃጥሎ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል። እዚህ ደረጃ ከደረሰ በኋላ ዘይቱን መለወጥ ብቻውን አያድነውም። ሞተሩ በጠነከረ ቁጥር ፍሪሲዮኑ ላይ የሚያርፈው ጫና ስለሚበዛ፣ በ100 ሲሲ ላይ ሳይታወቅ የሚያልፍ ሸርተቴ በ1000 ሲሲ ላይ ይጋለጣል።

ጃሶ፣ ኤምኤ፣ ኤምቢ የሚሉት ምልክቶች ከየት መጡ?

በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የመኪና ዘይት አምራቾች ነዳጅ የሚቆጥብ ዘይት እንዲያቀርቡ ግፊት በዝቶባቸው ዘይቱን አቀጠኑት፤ ሰበቃ ቀናሽ ቅመሞችንም አበዙበት። ለመኪናው ደግ ነበር፤ ፍሪሲዮኑ ደረቅ ነውና። እስከዚያ ድረስ የመኪና ዘይት እየቀዱ ሲጠቀሙ የኖሩት ሞተር ብስክሌቶች ግን ችግር ገጠማቸው። የጃፓን የአውቶሞቲቭ ደረጃዎች ድርጅት፣ በአጭር ስሙ ጃሶ፣ በ1998 (እ.ኤ.አ.) ቲ 903 የሚባለውን የሞተር ብስክሌት ዘይት ደረጃ ያወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ደረጃው ዘይቱን በእውነተኛ የፍሪሲዮን ዲስኮች ላይ ይፈትነዋል። ዲስኮቹ እየተንሸራተቱ ሳሉ ምን ያህል ይይዛሉ? ከተቆላለፉ በኋላስ? ለመቆም ምን ያህል ጊዜ ይፈጅባቸዋል? በደንብ የሚይዘው ዘይት ኤምኤ፣ ሸርታታው ኤምቢ የሚል ምልክት ያገኛል። በ2006 (እ.ኤ.አ.) ኤምኤ ራሱ ለሁለት ተከፈለ፤ ኤምኤ2 ከኤምኤ1 አጥብቆ የሚይዘው ነው፣ ለጉልበተኛ ሞተር ብስክሌቶችም የሚመከረው እሱ ነው። ኤምቢ መጥፎ ዘይት ማለት አይደለም። ፍሪሲዮናቸው ዘይት ውስጥ ላልተዘፈቀ፣ በቀበቶ ለሚሄዱ ስኩተሮች የተሠራ ነው፤ እነሱ ላይ ሸርታታነቱ ነዳጅ ይቆጥባል።

ይህ ደረጃ በየጊዜው የሚነሳ ሌላ ወሬም ይመልሳል። ከዘይት ውስጥ ዚንኩን አውጥተውታል፣ ስለዚህ እኛ መጨመር አለብን የሚል ወሬ አለ። ግማሽ እውነት አለው። ፎስፈረስ የመኪና ጭስ ማውጫ ላይ ያለውን የጭስ ማጣሪያ ስለሚያበላሽ፣ በአዳዲሶቹ ቀጫጭን የመኪና ዘይቶች ላይ ከ0.08 በመቶ እንዳይበልጥ ተደርጓል። የጃሶ የሞተር ብስክሌት ደረጃ ግን ይህን 0.08 በመቶ ዝቅተኛው ወለል አድርጎ፣ ጣሪያውን 0.12 በመቶ ላይ አስቀምጦታል። ኤምኤ ምልክት ያለው ዘይት የገዛ ሰው ዚንኩንና ፎስፈረሱን አብሮ ገዝቷል።

የመኪና ዘይት የሚገዛ ከሆነ ደግሞ የአሜሪካ ነዳጅ ኢንስቲትዩት ክብ ማኅተም ግርጌ ላይ ሪሶርስ ኮንሰርቪንግ፣ በድሮዎቹ ላይ ኢነርጂ ኮንሰርቪንግ የሚል ጽሑፍ መኖሩን ማየት ያስፈልጋል። ነዳጅ ቆጣቢ ማለት ነው፤ በዘይት ለሚታጠብ ፍሪሲዮን አይሆንም። የሆንዳ የሞተር ብስክሌት መመሪያዎች ይህን ምልክት ከያዘ ዘይት፣ እንዲሁም ግራፋይትና ሞሊብዲነም ከተጨመረበት ዘይት እንድንርቅ ለዓመታት ሲያሳስቡ ኖረዋል።

ጠርሙሷ ውስጥ ምን አለ?

አንድ ዓይነት ነገር ብቻ አይደለም፤ ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ውስጡ ይለያያል።

ዝነኛው ፒቲኤፍኢ ነው፤ በማይለጥፍ መጥበሻ ላይ የምናውቀው ቴፍሎን። በ1938 (እ.ኤ.አ.) በዱፖንት ኩባንያ ቤተ ሙከራ በአጋጣሚ የተገኘ ቁስ ሲሆን፣ ዱቄቱን ዘይት ውስጥ በትነው የሚሸጡት የሞተርን ውስጥ እንደ መጥበሻ ይለብጠዋል እያሉ ነበር። ነገር ግን መጥበሻ የሚለበጠው ብረቱ በሚገባ ጸድቶና ተዘጋጅቶ፣ ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት ተጋግሮ ነው። በዘይት የራሰ፣ እየተሽከረከረ ያለ ሞተር ይህን አያገኝም። ስሊክ 50 የተባለው የታወቀ ጭማሪ በዚሁ ጉዳይ ከአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ጋር ተፋጥጦ ክርክሩ በ1997 (እ.ኤ.አ.) በስምምነት ተዘግቷል። ኮሚሽኑ ካነሳቸው ነጥቦች አንዱን ልብ ማለት ይገባል፦ ማስታወቂያው ሞተር ሲነሳ ያለ ጥበቃ እንደሚፋቅ ያስፈራራ ነበር፤ ኮሚሽኑ ግን አብዛኞቹ የመኪና ሞተሮች በመመሪያቸው የተመከረውን ዘይት ከተጠቀሙ ሲነሱም በቂ ጥበቃ ያገኛሉ አለ። ዱራ ሉብ የተባለውም ምርት በ2000 (እ.ኤ.አ.) ተመሳሳይ ስምምነት ፈርሟል። በእሱ ላይ ከቀረቡት ክሶች አንዱ ክሎሪን ያለበት ውህድ የለብኝም ማለቱ ነበር። ክሎሪን ያለባቸው ውህዶች ከፍተኛ ግፊት ያለበትን ቦታ በእርግጥ ያለሰልሳሉ፤ ከሙቀትና ከእርጥበት ጋር ሲገናኙ ግን ብረት የሚበላ አሲድ ሊወጣቸው ይችላል።

ቀጥሎ ሞሊብዲነምና ግራፋይት ይመጣሉ። እነዚህ ማታለያ አይደሉም፤ በእርግጥ ያንሸራትታሉ፤ ጣጣውም ያ ነው። ይሁን እንጂ ሞሊብዲነም የሚለውን ቃል አይቶ መደንገጥም አያስፈልግም። ዘይት ውስጥ የሚሟሟ የሞሊብዲነም ውህድ በጥቂቱ ገብቶባቸው የኤምኤን ፈተና ያለፉ ዘይቶች አሉ። ልዩነቱን የሚያመጣው መጠኑና ምጥኑ ነው፤ ከጠርሙስ በግምት የሚፈስ ደግሞ ምጥን የለውም።

እንደ ማር የወፈረው ዓይነት በአብዛኛው ፖሊመር ነው። ያረጀ፣ ዘይት የሚበላ ሞተር ውስጥ ሲገባ ዘይቱን ያወፍረዋልና ጭሱ ለጊዜው ይቀንሳል፣ ድምፁም ይለዝባል። የተበላው የፒስተን ቀለበት ግን እንደተበላ ነው። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን የሚናገር ምስክር ነበር፤ ጭማሪው ምስክሩን ዝም አሰኘው እንጂ ጥፋቱን አልጠገነውም። ያገለገለ ሞተር ብስክሌት የሚገዛ ሰው ዘይት መለኪያውን አውጥቶ ከተለመደው በላይ የሚዝለገለግ ነገር ካየ፣ ዋጋ ከመቁረጡ በፊት ቆም ቢል መልካም ነው።

ዘይት ከመለወጡ በፊት ሞተሩን የሚያጥቡት ቀጫጭኖቹ ፈሳሾች የቆየ ዝቃጭ በአንድ ጊዜ አላቀው የዘይት ማጣሪያውን ሊደፍኑት ይችላሉ፤ ሙሉ በሙሉ ካልተቀዱም አዲሱን ዘይት ያቀጥኑታል። የሚያንጠባጥብ ላስቲክ የሚያሳብጡት ደግሞ ደርቆ ለተኮማተረ ላስቲክ ጊዜ ይገዙለታል፤ ለተቀደደው ምንም አያደርጉለትም።

ሁሉም ከባድ ሞተር ብስክሌት አንድ ዓይነት ነው?

አይደለም፤ ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሳውም ይህ ስለሚዘነጋ ነው። አንዱ ጨምሬ ምንም አልሆንኩም ይላል፣ ሌላው ፍሪሲዮኔን ገደለብኝ ይላል፤ ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል።

የሃርሊ ዴቪድሰን ትልልቅ ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር ብስክሌቶች በልማድ ሦስት የተለያዩ የዘይት ቤቶች አሏቸው፦ ለሞተሩ፣ ለካምቢዮው፣ እንዲሁም ፍሪሲዮኑ ለሚገኝበት ክፍል። በሞተሩ ክፍል የሚጨመረው ነገር ፍሪሲዮኑን አያገኘውም። የቢኤምደብልዩ ባለ አግድም ሲሊንደር ሞተር ብስክሌቶች ለአሥርት ዓመታት እንደ መኪና ደረቅ ፍሪሲዮን ነበራቸው። በ2013 (እ.ኤ.አ.) የወጣው አዲሱ አር1200ጂኤስ ግን ወደ ዘይት ውስጥ ፍሪሲዮን ተሸጋገረ። የ2010ሩ ባለቤት ለ2014ቱ ባለቤት የሚሰጠው የዘይት ምክር፣ ስሙ አንድ በሆነ ሞተር ብስክሌት ላይ፣ ስህተት ሊሆን የሚችለው በዚህ ነው።

የጣሊያኑ ሞቶ ጉዚ ደግሞ ጉዳዩን ከሌላ በኩል ያሳየናል። ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማ የሚወስደው በሰንሰለት ሳይሆን በዘንግ ነው፤ ዘንጉ ጎማው ጋ ሲደርስ የሚገናኝባቸው ማርሾች የራሳቸው ትንሽ የዘይት ቤት አላቸው። ፋብሪካው ራሱ በአንዳንድ ሞዴሎቹ መመሪያ ላይ እዚያ ቤት ውስጥ ከዘይቱ ጋር የሞሊብዲነም ጭማሪ እንዲገባ ያዝዝ ነበር። የሆንዳ መመሪያ የሚከለክለውን የጉዚ መመሪያ ያዛል። ቅራኔ የለበትም፤ እዚያ ቤት ውስጥ ፍሪሲዮን የለም። ስለ ጭማሪ የሚጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ዘይት ፍሪሲዮኑን ይነካል ወይ የሚል መሆን ያለበት ለዚህ ነው። የምርቱ ጥሩነትና መጥፎነት ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ታዲያ ብዙ ሰው ለምን ሠርቶልኛል ይላል?

ጭማሪውን የሚጨምሩት መቼ እንደሆነ እናስብ። አብዛኛውን ጊዜ ዘይት በሚለወጥበት ዕለት ነው። በማርሽ ጥርስ የተቆራረጠው አሮጌ ዘይት ወጥቶ ትኩስ ዘይት ሲገባ ማርሹ ይለሰልሳል፣ ሞተሩም ጸጥ ይላል፤ ምስጋናው ግን ወደ ጠርሙሷ ይሄዳል። ገንዘብ ከፍሎ የተሻሻለ ነገር የሚያዳምጥ ጆሮም በጎ ነገር መስማቱ አይቀርም። አንዳንዴ ደግሞ በእርግጥ ተለውጧል፤ ዘይቱ ወፍሯልና ድምፁ ታፍኗል።

የመጠን ጉዳይም አለ። 3.5 ሊትር በሚይዝ ሞተር ላይ 350 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ መድፋት አሥር በመቶ መጨመር ነው። ዘይቱ አስቀድሞ እስከ ላይኛው ምልክት ሞልቶ ከነበረ፣ ትርፉ በሚሽከረከሩት ክፍሎች እየተመታ አረፋ ይሠራል፤ አረፋ ያለበት ዘይት ደግሞ ኩሽኔታን በደንብ አይሸከምም።

እኛ አገር ከባድ ሞተር ብስክሌት የሚነዳው ስንት ሰው ነው?

በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ ከባድ ሞተር ብስክሌት ስናይ አብዛኛውን ጊዜ እንግዳ የሚያጅብ ፖሊስ ነው። ነገር ግን ለዕቃ ማድረሻ የሚሮጡት 100 እና 150 ሲሲ ሞተር ብስክሌቶች፣ ባለአራት ምቱም ባጃጅ ሳይቀር፣ ፍሪሲዮናቸው በሞተሩ ዘይት ውስጥ የተዘፈቀ ነው። ባጃጅ ሦስት ጎማ ስላለው እንደ መኪና የሚቆጥረው ሰው ቢኖርም፣ በሆዱ ሞተር ብስክሌት ነው። ቀኑን ሙሉ ሰው ጭኖ በፍሪሲዮን ዳገት የሚወጣ ባጃጅ ውስጥ የመኪና ሰበቃ ቀናሽ መጨመር ያው ቅቤ በተቀባ እጅ ገመድ መሳብ ነው። መንገዱን የሚያውቁ መካኒኮች አንዳንዴ የናፍጣ ሞተር ዘይት ይጠቀማሉ። ከናፍጣ ዘይቶች መካከል የጃሶ ኤምኤ ምልክት የታተመባቸው ስላሉ ሁልጊዜ ስህተት ነው አይባልም፤ ምልክቱ ጀሪካኑ ላይ መኖሩን ማየት ግን ግድ ነው። ለጠርሙሷ የታሰበውን ብር አስተማማኝ ዘይትና አዲስ ማጣሪያ መግዛት ይችላል።

ነዳጅ ውስጥ የሚጨመረውስ?

እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ወደ ነዳጅ ታንከሩ የሚገባው ማጽጃ ከቤንዚኑ ጋር ተቃጥሎ በጭስ ማውጫው ይወጣል፤ ፍሪሲዮኑ ጋ አይደርስም። ሁለቱ ጠርሙሶች መደርደሪያው ላይ ጎን ለጎን ስለሚቆሙ ብቻ ይምታታሉ። ከመግዛትዎ በፊት የቱ የትኛው አፍ ውስጥ እንደሚገባ ያንብቡ።

አስቀድሜ ጨምሬ ከሆነስ?

መጀመሪያ ያረጋግጡ። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ክፍት መንገድ ላይ፣ በአራተኛ ወይም በአምስተኛ ማርሽ፣ ከመካከለኛ ፍጥነት ተነስተው ነዳጁን በደንብ ይስጡት። የዙሩ መቁጠሪያና የፍጥነቱ መቁጠሪያ አብረው ከወጡ ፍሪሲዮኑ ይዟል፤ ቀጣዩን የዘይት ለውጥ ትንሽ ማስቀደም ይበቃል። ዙሩ ብቻውን ከዘለለ ግን ዘይቱን ከመክሰስዎ በፊት የፍሪሲዮኑን ሽቦ ይመልከቱ፤ እጀታው ላይ ትንሽ ልቅ ቦታ ከሌለው፣ ሽቦው ሁልጊዜ ስለሚጎትት ዲስኮቹ መቼም በሙሉ ኃይል አይጨመቁም።

ሽቦው ደህና ከሆነ ዘይቱን ሞቅ እንዳለ ይቅዱት፤ ማጣሪያውንም ይለውጡ። ኤምኤ2 ምልክት ያለው ዘይት ይሙሉና ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በእርጋታ ከነዱ በኋላ እሱንም ደግመው ይለውጡት፤ በመጀመሪያው ቅጂ ከጥጋጥጉ ያልወጣው ጭማሪ በሁለተኛው ይወጣል። ብዙ ፍሪሲዮን በዚህ ይድናል። ከዚህም በኋላ የሚንሸራተት ከሆነ ቤቱ ይከፈታል፤ መካኒኩ የዲስኮቹን ውፍረትና የሞላዎቹን ርዝመት ለክቶ ከአምራቹ መመሪያ ጋር ያነጻጽራል፣ ገጻቸው የተቃጠሉትንም ለይቶ ያወጣል። አዲሶቹ ዲስኮች ከመገጠማቸው በፊት ደግሞ ንጹሕ የሞተር ዘይት ውስጥ ተነክረው ያድራሉ፤ ሌላ ምንም ያልተጨመረበት ዘይት።